አራት ሚሊ ሜትር ብረት

እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራችው ማዝዳ አርኤክስ-7 መኪናዬ ሞተሯ ተፈትቶ በጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ በኋላ፣ ለሦስት ሳምንታት ያህል አንድም ብረት ሳልነካ ቆየሁ። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም። ከፊቴ በተደረደሩት ሰሌዳዎች ላይ ያሉትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ላሰፋ ወስኜ ነበር፤ ሮታሪ ሞተር ላይ ደግሞ መግቢያ ማስፋት ማለት በሌላው ሞተር ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ፣ ከመለወጥ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ፣ ያልተስማማ ካምሻፍት ወጥቶ የቀድሞው ሊመለስ ሲችል፣ የተሞረደ ብረት ግን ወደ ቦታው የማይመለስ መሆኑ ነው።

ይህን ሞተር አይቶ ለማያውቅ ሰው አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ፒስተን የለውም፤ ቫልቭም የለውም። ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ፣ ሦስቱ ጫፎቹ ከግድግዳው ሳይለዩ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ጎኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍልም እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል። ሮተሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የእኔዋ መኪና የያዘችው 12ኤ የተባለው ሞተር ሁለት ሮተሮች ሲኖሩት፣ የእያንዳንዱ ውፍረት 70 ሚሊ ሜትር፣ የእያንዳንዱ ክፍል ይዘት 573 ሲሲ፣ በድምሩ 1,146 ሲሲ ነው። ሮተሮቹ ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ በቆሙ ሦስት የብረት ሰሌዳዎች መካከል ተጣብቀው ይሠራሉ፤ አየርና ቤንዚኑ የሚገባውም በእነዚሁ ሰሌዳዎች ፊት ላይ በተከፈቱ አራት ቀዳዳዎች ነው።

አገር ቤት ሳለሁ ሥራ ላስተማሩኝ የአዲስ አበባ ሜካኒክ ደውዬ ሰሌዳውን በስልኩ ካሜራ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ቴስታታው የታለ?» አሉኝ፤ ቫልቮቹ የሚቀመጡበትን የሞተር ክዳን ማለታቸው ነው።

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ቫልቩስ?»

«እሱም የለውም።»

«ታዲያ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማነው?»

ሰሌዳው ላይ ሮተሩን አስቀምጬ በእጄ እያዞርኩ፣ ጎኑ ቀዳዳውን ሲገልጠውና መልሶ ሲሸፍነው አሳየኋቸው። «እንግዲያ ካሙ ይኼ ጠርዝ ነዋ!» አሉ። «አንተ ልጅ፣ በሞረድ እንዳትቸኩል።» ስለ ጉዳዩ ብዙ አንብቤ ነበር፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም።

ጠርዙ ካም ከሆነ፣ ዋናው ጥያቄ ቀዳዳው ምን ያህል ይስፋ የሚለው ሳይሆን የትኛው ጠርዝ ይነካ የሚለው ነው። ቀዳዳው ሦስት አስፈላጊ ጠርዞች አሉት። ወደ ሮተሩ ቤት ግድግዳ የሚያየው የውጭው ጠርዝ መግቢያው መቼ እንደሚከፈት ይወስናል፤ የላይኛው ጠርዝ መቼ እንደሚዘጋ ይወስናል፤ ወደ መካከል የሚያየው የውስጠኛው ጠርዝ ደግሞ ዘይቱ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ከሚያግዱት የዘይት ሲሎች (ማሸጊያዎች) መንገድ ጋር ስለሚዋሰን፣ እሱን አልፎ የቆረጠ ሰው ትርፉ ጭስ ብቻ ነው። በፋብሪካው አሠራር የ12ኤ መግቢያ የሚከፈተው ክፍሉ በጣም ከጠበበበት ነጥብ 32 ዲግሪ አልፎ ሲሆን፣ የሚዘጋው በጣም ከሰፋበት ነጥብ 40 ዲግሪ አልፎ ነው። በዚህ ሞተር ከጥበት እስከ ስፋት ያለው ጉዞ በዋናው ዘንግ ሲለካ 270 ዲግሪ ስለሆነ፣ በሩ በጠቅላላው ለ278 ዲግሪ ክፍት ሆኖ ይቆያል ማለት ነው።

መዝጊያውን ማዘግየት የሚጠቅመው በከፍተኛ ዙር ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር በቱቦው የሚሮጠው አየር የራሱ ግፊት ስላለው፣ ክፍሉ መጥበብ ከጀመረ በኋላም መግባቱን አያቋርጥም፤ በሩ ጥቂት ቢቆይለት ተጨማሪ አየር ይዞ ይዘጋል። በዝቅተኛ ዙር ግን ያ ሩጫ ስለሌለ፣ ክፍሉ መጥበብ ሲጀምር የገባው አየር በመጣበት ተመልሶ ወደ ማኒፎልዱ፣ ማለትም አየሩን ወደ ቀዳዳዎቹ ወደሚያደርሰው ቱቦ፣ ይገፋል፤ ከመብራት ወደ መብራት የሚነዳ ሰው የሚያጣው ጉልበት ይኸው ነው። መክፈቻውን ማስቀደም ደግሞ ሌላ ዕዳ አለው። የጭስ መውጫው ገና ሳይዘጋ የአየር መግቢያው ስለሚከፈት፣ የተቃጠለው ጋዝ ከአዲሱ ጋር ይቀላቀልና ሞተሩ በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር፣ ይንቀጠቀጣል። ወጣቶች የሚወዱት ያ «ብራፕ፣ ብራፕ» የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ በተለይም ከዋናው ቀዳዳ ውጭ ቀጭን የብረት ድልድይ አስቀርቶ ሁለተኛ ስንጥቅ መሰል ቀዳዳ በመክፈት የሚሠራው ሥራ ይህን ድምፅ አጉልቶ ያመጣዋል። ለውድድር መኪና ተገቢ ነው። ሰርክ ወደ ሥራ በሚነዳ መኪና ላይ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ባለቤቱ የገዛው ጉልበት ሳይሆን ጫጫታ ነው።

ይህ ክርክር ከሞተሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የጀርመኑ ኤንኤስዩ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ስፓይደር፣ ቀጥሎም በ1967 ባወጣው አርኦ 80 ላይ፣ አየሩ የሚገባው በሮተሩ ቤት ዙሪያ በተከፈተ ቀዳዳ ነበር፤ አየር በብዛት ያስገባል፣ በዝቅተኛ ዙር ግን ሻካራ ነው። ማዝዳ በዚያው በ1967 ባቀረበው ኮስሞ ስፖርት ላይ መግቢያውን ወደ ጎን ሰሌዳዎቹ አዛወረውና ሞተሩ በከተማ ፍጥነት የተረጋጋ እንዲሆን አደረገው። ያው ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ለማን በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ባሸነፈው 787ቢ መኪና ባለአራት ሮተር ሞተር ላይ ግን፣ በከፍተኛ ዙር ብቻ ለሚሠራ ሞተር የሚኒሞ ጸጥታ ምንም ስለማይጠቅም፣ ወደ ዙሪያው መግቢያ ተመልሶ ሄዷል።

እኔ የምነዳው ለማን ላይ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት በሚቆላለፍ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የወሰንኩት የውጭውን ጠርዝ ጨርሶ ላለመንካትና፣ ከላይኛው ጠርዝ ላይ ብቻ 4 ሚሊ ሜትር ለመውሰድ ነበር። ከአራቱ ቀዳዳዎችም ሁለቱን ተውኳቸው። የዚህች መኪና ካርቡሬተር ባለአራት ጉሮሮ ሲሆን፣ ሁለቱ ዘወትር የሚሠሩት ጉሮሮዎች የመካከለኛውን ሰሌዳ ቀዳዳዎች ይመግባሉ፤ ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈቱት ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ የፊተኛውንና የኋለኛውን ሰሌዳ ይመግባሉ። ፋብሪካው ራሱ የከተማውንና የአውራ ጎዳናውን ሥራ ለይቶ ሰጥቶኛል፤ የአውራ ጎዳናውን ብቻ ማሻሻል በቂዬ ነበር።

የቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫ በገበያ ላይ ይገኛል፤ እኔም ገዝቻለሁ። ሆኖም ሰሌዳውን ሰማያዊ የምልክት ቀለም ቀብቼ በቅርጽ ማውጫው መስመሩን ከጫርኩ በኋላ ወዲያው አልቆረጥኩም። ሰሌዳውን አጋድሜ፣ የሮተሩን ቤት፣ ዘንጉንና ሮተሩን በላዩ አሰናድቼ፣ ዘንጉ ላይ የዲግሪ ክብ አስሬ፣ በእጄ እያዞርኩ የሮተሩ ጎን ከጫርኩት መስመር ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመለከትኩ። መዝጊያው በ10 ዲግሪ ገደማ እንደሚዘገይ ያወቅሁት ከዚያ ነው። በሮተሩ ሦስት ማዕዘኖች ላይ ያሉት፣ ክብ ቁልፍ የሚመስሉት ትንንሽ ሲሎች የሚሄዱበትንም መንገድ በዚሁ ዘዴ ምልክት አድርጌበታለሁ። ከእነዚህ ሲሎች ሥር ብረቱ ከተወሰደ፣ ሲሉ ወደ ቀዳዳው ወድቆ ሲመለስ ጠርዙ ይሰብረዋል፤ ስብርባሪው ቀሪውን ሞተር ይዞት ይሄዳል።

ቁረጣውን የጀመርኩት ከኋለኛው ሰሌዳ ነበር፤ የመጀመሪያው ስህተትም እዚያው ተፈጸመ። በአየር ግፊት የሚሠራው ትንሽ ግራይንደር ላይ የካርባይድ ጥርስ ገጥሜ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል በሰላም ከሠራሁ በኋላ፣ ክንዴ ደክሞት ሳለ ጥርሱ ከጠርዙ ዘለለና በሰሌዳው ፊት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጭረት ጥሎ አለፈ። ጭረቱ በሮተሩ ጎን ጋዙን የሚያግዱትን የጎን ሲሎች መንገድ አቋርጦ ነበር። ጥፍሬን በላዩ ሳሳልፍ ያዘኝ፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ደግሞ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የታመቀውን ጋዝ፣ ያሳልፋል። ሰሌዳውን አስልሶ ማዳን ባይከለከልም፣ ፊቱ በሙቀት ሕክምና የጠነከረው በቀጭኑ ስለሆነ፣ ከሥር ያለው ለስላሳ ብረት ፈጥኖ ይበላል። ሌላ ያገለገለ ሰሌዳ ፈልጌ እስካገኝ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሁለተኛውን ስጀምር ከቆርቆሮ ሽፋን ቆርጬ፣ የምሞርደው ክፍል ብቻ እንዲታይ አድርጌ፣ የሰሌዳውን ፊት ሙሉ በሙሉ ሸፈንኩት። ሰሌዳውን ከጠረጴዛው ጋር አጥብቄ፣ ግራይንደሩን በሁለት እጅ ይዤ፣ በየአሥር ደቂቃው እያረፍኩ ሠራሁ። የመጨረሻውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ደግሞ በማሽን አልነካሁትም፤ በክብ ሞረድ ነው የጨረስኩት። የላይኛው ጠርዝ ቅርጽ ከመጠኑ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የጎን ሲሉ በቀዳዳው ላይ ሲያልፍ ሥሩ ባዶ ስለሚሆን ስፕሪንጉ በጥቂቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ወደ ጠርዙ ሲደርስ ተመልሶ መውጣት አለበት። ጠርዙ ከሲሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተቆረጠ ሲሉ በሙሉ ርዝመቱ በአንድ ጊዜ ይጋጫል። ጠርዙ ሰያፍ ከሆነና አፉ በቀስታ ከተላገ ግን፣ እንደ መቀስ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ያነሣዋል። እጅግ በቀጭኑ፣ በጣት ብቻ የሚታወቅ ልግ ነው የሰጠሁት።

ከጠርዙ በስተጀርባ ያለው ቱቦ ብዙ ታሪክ የለውም። አየሩ ከማኒፎልዱ መጥቶ ወደ ክፍሉ የሚታጠፍበትን ስለታም መታጠፊያ አለዘብኩ፤ የማኒፎልዱንና የሰሌዳውን አፍ በመካከላቸው በሚገባው ማሸጊያ፣ በጓርኒሲዮኑ፣ ልክ አስተካከልኩ። በቁጥር 80 የብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩት እንጂ እንደ መስተዋት አላበራሁትም። ከዚያ በላይ መቆፈር አደገኛ ነው፤ ከቱቦው ግድግዳ ማዶ የማቀዝቀዣው ውኃ ይሄዳል።

ማጠቡ ከመሞረዱ የበለጠ ጊዜ ወስዷል፤ መውሰድም አለበት። የብረት ብናኝ በዘይት መንገዶች ውስጥ ከቀረ ቤሪንጉን እንደሚበላው የታወቀ ነው። በላምባ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በረጅም ብሩሽ እያጠብኩ፣ በአየር እየነፋሁ፣ የሚወጣውን ውኃ በነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰስኩት። ጨርቁ ላይ ማግኔት ሳሳልፍ ምንም ያልያዘው በአምስተኛው እጥበት ነበር።

አገጣጠሙ እንደማንኛውም የሮታሪ እድሳት ነው። የጎን ሲሎቹ ከማዕዘን ሲሎቹ ጋር ያላቸው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ውስጥ እንዲሆን አንድ በአንድ ሞርጄ ገጠምኳቸው፤ በዘንጉ ጫፍ ያለውን ከባድ ጎማ፣ የቮላኖውን፣ 54 ሚሊ ሜትር ነት ለማጥበቅ ደግሞ ጎረቤቴን ጠራሁ። ካንዴላዎቹን አውጥቼ፣ በማስነሻው ሞተሪኖ እያዞርኩ ኮምፕሬሽን ስለካ፣ የመለኪያው ቀስት በየሮተሩ ሦስት ሦስት ጊዜ እኩል ዘለለ። ከሦስቱ አንዱ ቢያንስ ኖሮ ሞተሩ እንደገና ይወርድ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ቅር ብሎኝ ነበር። ሚኒሞው የተረጋጋ ነው፤ የውጭውን ጠርዝ ባለመንካቴ ያተረፍኩት ይህንን ነው። በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች የቀነሰውን ጉልበት ራሴን ካልጠየቅሁ በቀር አላስተውለውም። ነገር ግን ከ5,000 በላይ፣ ደስ ሊለኝ በሚገባበት ቦታ፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ካንዴላዎቹን ሳወጣ ነጥተው አገኘኋቸው፤ አየሩን አብዝቼ ቤንዚኑን በቀድሞው ልክ ትቼዋለሁ። የካርቡሬተሩን የሁለተኛ ጉሮሮዎች ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ፣ በአንድ ቁጥር አሳደግሁ፤ አሁንም ነጡ። በሁለት ቁጥር ሲሆን ካንዴላው የቡና ቀለም ያዘ፤ መንተፋተፉም ጠፋ።

ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የጻፈው 101 የፈረስ ጉልበት በ6,000 ዙር ነው፤ ከሥራው በኋላ ስንት እንደሆነ በጉልበት መለኪያው ማሽን፣ በዳይኖ፣ አላስለካሁም። የማውቀው የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ነው። ይህች መኪና ዙሯ ወደ 7,000 ሲጠጋ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ትጮኻለች። ድሮ ከ6,000 በላይ ጉልበቷ ስለሚደክም ጩኸቱን ለመስማት ሆን ብዬ ረግጬ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አሁን ወደ አውራ ጎዳና ስገባ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ገና እጄ ወደ ማርሹ ሳይሄድ ትጮኽብኛለች።