ጥፋተኛውን ማን ይቅጣው?

ሰሞኑን የጸጸት ፊልሞች ላይ ተጥጃለሁ። ክረምቱም ሳያግዘኝ አልቀረም፤ ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከያዘው መውጣት የለም፣ መብራት ካለ ላፕቶፕ ከፍቶ መጋደም ነው። ፖሊስና ሌባ የሚሯሯጡበት ፊልም አይመቸኝም። እኔ የምወደው ማንም የማያሳድደውን ጥፋተኛ ነው።

ለምሳሌ የ2016ቱ «ማንችስተር ባይ ዘ ሲ»። የኬኔት ሎነርጋን ፊልም ነው፣ ኬሲ አፍሌክ በዚህ ትወናው ኦስካር ወስዷል። ሊ የሚባል ሰው ሌሊት ጠጥቶ፣ ምድጃው ላይ እሳት አንድዶ፣ መከለያውን ሳያደርግ ተጨማሪ ቢራ ሊገዛ ይወጣል። ሲመለስ ቤቱ እየነደደ ነው። ሦስት ልጆቹ አለቁ።

እኔን የያዘኝ ግን እሳቱ አይደለም፣ ፖሊስ ጣቢያው ነው። ሊ ሁሉንም ይናገራል፣ መጠጡንም ሌላውንም አይደብቅም፣ እነሱ ደግሞ ከባድ ስህተት ነው እንጂ ወንጀል አይደለም፣ ሂድ ይሉታል። ግራ ይገባዋል። በቃ? ዝም ብዬ ልሂድ? ከዚያ ሲወጣ የአንዱን ፖሊስ ሽጉጥ ነጥቆ ራሱ ላይ ይደግናል። ቅጣት ለምኖ የሚሰጠው አጣ። ከዚያ በኋላ የምናየው ኑሮው በሙሉ፣ የሰው መጸዳጃ ቤት መጠገኑ፣ ቡና ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት የሚያነሳው ቡጢ፣ ራሱ ለራሱ የፈረደው ፍርድ ነው።

ፊልሙን ያየሁት ከአክስቴ ጋር ነው። እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ እያቆምኩ እተረጉምላቸዋለሁ። ፖሊስ ጣቢያው ላይ ስንደርስ፣ «ንስሐ አባት የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሜሪካ እኮ ነው።»

«አሜሪካ ቄስ የለም?»

ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። የሊ ቤተሰብ ካቶሊክ መሆኑ እዚያው ፊልሙ ውስጥ ተነግሯል። ቄስ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሰውየው አልሄደም። ሰሚ ስላጣ አይመስለኝም፣ እንዲቀልለት ስላልፈለገ ነው። እትዬ ይህን ጨርሶ አልተቀበሉትም። ለእሳቸው ጥፋት የሚሄድበት ቦታ አለው፦ ትናገራለህ፣ ቀኖና ይሰጥሃል፣ ትጾማለህ፣ ትሰግዳለህ፣ ያልቃል። አለመሄድ ራሱ ትዕቢት ነው አሉኝ። አከራካሪ ነው፤ ግን ስለ ሊ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ይህ ነው ያልለቀቀኝ።

እትዬ ጸጸትን የተማሩት ከጣና ግድግዳዎች ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ከዚህ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ሄዶ ዘጌ ላይ፣ በቡናው ጫካ መሐል ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች። መቅደሱ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፣ ከሥዕሎቹ አንዱ በላዔ ሰብእ ነው። ታሪኩን የማያውቅ የለም። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ድውይ ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ሲሞት ነፍሱ ለሚዛን ቀረበች፣ እመቤታችን ጥላዋን ጣለችበትና ውሃው ሚዛን ደፋ።

ልጅ ሆኜ የሚገርመኝ ውሃው ነበር። አሁን የሚገርመኝ 78ቱ ናቸው። እነሱን ማን ጠየቃቸው? ይህን ጮክ ብዬ ብናገር እትዬ ከቤት ያስወጡኛል፣ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ሥዕሉን ለመተቸት አይደለም፤ ሥዕሉ የሚናገረው ስለ ምሕረት ነው። ፊልም ግን ሚዛኑ የማይታይበት ቦታ ነው፣ ሌሊት ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያሳይህ።

የኛ ድራማዎች ደግሞ ሁለቱንም አያደርጉም። ጥፋተኛው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያምስ ይቆይና መጨረሻ ላይ ይንበረከካል፣ ያለቅሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ይቅር ይባላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም እውነተኛው ባህላችን እንዲህ አይቸኩልም። ነፍስ ያጠፋ ሰው አገር ለቆ ይሄዳል። ሽማግሌ ይላካል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይላካል። ቄሶች መስቀል ይዘው ይገባሉ። ካሳ ይቆረጣል። ጥፋተኛው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ስር የሚወድቀው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ወር፣ ዓመት የሚፈጅ ጉዳይ፣ ፊልማችን ላይ አምስት ደቂቃ!

ከአገራችን ሰው ለየት የሚለው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው፣ 2008። አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን ወደ እናቱ መንደር ሲመለስ፣ ያለፈው ሁሉ ቁርጥራጭ እየሆነ ይመጣበታል፣ ማንም ቶሎ አይፈታለትም።

ሌላው ለእትዬ ያሳየኋቸው የአስጋር ፋርሃዲ «ኤ ሴፐሬሽን» ነው፣ የ2011 የኢራን ፊልም። እዚያ ውስጥ ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ይዋሻል። ራዚየህ የምትሠራበት ቤት ባለቤት ገፍትሮኝ ነው ያስወረደኝ ብላ ከሳለች፣ የካሳው ገንዘብ ሊከፈል ነው፣ ባሏ በዕዳ ተይዟል። የተከሰሰው ሰውዬ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ቁርዓን ላይ ማይ። አልማለችም። ከዚያ በፊት መኪና ገጭቷት ስለነበር በልቧ ትጠራጠራለች። እትዬ ብድግ አሉ። «ይቺ ሰው ናት!» ሃይማኖቱ ሌላ፣ አገሩ ሌላ፣ ግን በሐሰት ምሎ የልጅን ዕድሜ ማሳጠር ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳቸውም። ሊ ቄስ ጋ አለመሄዱን ትዕቢት ያሉ ሴትዮ፣ ራዚየህን በአንድ ትንፋሽ አጸደቋት።

እኔ ማየት የምፈልገው የአማርኛ ፊልም ግን ስለ ገዳዩ አይደለም። ባሏ የተገደለባት ሴት። ሽማግሌዎቹ በሯ ላይ ናቸው፣ እሷ እንቢ ብላለች። በመጀመሪያ ሁሉም ያዝንላታል። ቆይቶ ጎረቤቱ «ልቧ ደነደነ» ማለት ይጀምራል። ዕድር ላይ ፊት ይነሷታል። ገዳዩ ድንጋዩን ተሸክሞ ደጅ ላይ በተኛ ቁጥር እሱ እየተቀደሰ እሷ ኃጢአተኛ እየሆነች ትሄዳለች፣ ምንም ሳታደርግ። መጨረሻ ላይ ይቅር ብትል እንኳ አምናበት ይሁን ሰልችቷት አናውቅም፣ ሽማግሌዎቹም አይጠይቋትም።