ጥፍር

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ጅማ ውስጥ የአንድ ታዳጊ ቡድን የበረኞች አሠልጣኝ ነበርኩ። የቡድኑን ስም ልተወው። የምንመዘግበው ሁለት በረኛ፣ የመጣው አሥራ አንድ። በማጣሪያው ቀን ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ዘንቦ ጎሉ ሥር ያለው ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በረንዳ ሥር ተጠለልንና ማስመሪያዬን አወጣሁ።

የምላሽ ፍጥነት መፈተኛ ነው፤ የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ። ላዩን ትይዛለህ። ልጁ ዜሮው ጋ ጣቶቹን ከፍቶ ይጠብቃል። ሳትናገር ትለቀዋለህ። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀለብ ካደረገው 0.20 ሰከንድ ፈጅቶበታል ማለት ነው፤ 15 ላይ ከሆነ 0.17 ገደማ። ስሌቱን ጽፌ ከጀርባው በፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ዋናው አሠልጣኝ ይህን ሲያይ «በቃ፣ ሳይንስ መጣ!» ብሎ አጨበጨበ። ጭብጨባውን ያዙልኝ።

አብዛኞቹ ከ17 እስከ 22 ባለው ውስጥ ያዙ። ከዚያ አንድ ቀጭን ልጅ ቀረበ። መጀመሪያ 18። ቀጥሎ 12። በሦስተኛው 4!

4 ሳንቲ ሜትር 0.09 ሰከንድ ነው። ይህ ደግሞ ለሰው ልጅ አይሆንም።

«ገምተህ ነው» አልኩት።

«አልገመትኩም ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ጥፍርዎ።»

«ምን?»

«ማስመሪያውን ሊለቁት ሲሉ መጀመሪያ ጠበቅ ያደርጉታል። ያኔ የአውራ ጣትዎ ጥፍር ነጣ ይላል። እሱን አይቼ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር ያናደደኝ ማጭበርበሩ አይደለም። ስንት ዓመት ማስመሪያ ስለቅ ኖሬ ጥፍሬን አይቼው አለማወቄ ነው። ግን እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ወደ አትሌቲክስ ገባሁ። በአጭር ርቀት ሩጫ ከተኩሱ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተንቀሳቀሰ ቀድሞ እንደተነሳ ይቆጠራል አልኩት። ጆሮ ሰምቶ እግር እስኪታዘዝ ቢያንስ ያን ያህል ይፈጃል ተብሎ ነው። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካዊው ዴቨን አለን በ110 ሜትር መሰናክል ፍፃሜ 0.099 ተመዘገበበትና ተባረረ፤ ለአንዲት ሺኛ ሰከንድ፣ ያውም በገዛ አገሩ!

ልጁ በትሕትና አዳመጠኝ። ከዚያ፦

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሯጭ አይደለሁም። በረኛ ነኝ።»

ስሙን ሰረዝኩት። እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ነው የሰረዝኩት። 15 እና 16 ላይ የያዙትን ሁለት ጨዋ ልጆች መዘገብኩ።

ከአራት ወር በኋላ ከሌላ ቡድን ጋር በመለያ ምት ተገናኘን። ማዶ ጎል ላይ ማን እንደቆመ መቼም ገምታችኋል።

የኔ ልጅ እንዳሠለጠንኩት ታማኝ ነበር። ኳሷ እስክትመታ ይጠብቃል። ችግሩ ከ11 ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ ጎል ለመድረስ የሚፈጅባት 0.4 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹ ዓይን አይቶ ሰውነት እስኪነሳ ያልቃል። በቀረው ግማሽ ከመሐል እስከ ቋሚው 3.66 ሜትር አለ። ልጄ አራቱንም ጊዜ በትክክለኛው ጎን ወደቀ። አወዳደቁ ያምር ነበር። ኳሷ ግን ቀድማው መረብ ውስጥ ነበረች።

ቀጭኑ ልጅ ኳሷንም አላያትም። ዓይኑ ያረፈው መቺው ሊመታ ሲል በሚተክላት እግር አቅጣጫ ላይ ነው። ሕጉ የሚለው ኳሷ እስክትመታ አንድ እግርህ መስመሩ ላይ ይሁን ነው፤ አትመልከት አይልም። ሁለት አዳነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፦ መቺዎቻችንን ያሠለጠንኳቸው እኔ አይደለሁም። የጅማ ባጃጅ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳይ በሚታጠፍበት ከተማ፣ የኛ መቺዎች አንድ በአንድ ፍሬቻ አብርተው ነበር የሚመቱት።

በግምገማው ላይ ዋናው አሠልጣኝ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የበረኛው ጉዳይ እኔን አይመለከትም። በማስመሪያ የመረጠው እሱ ነው።» ያ ያጨበጨበው ሰውዬ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ማስመሪያ ሆኖ ቀረ። አጂፕ አካባቢ ቡና ልጠጣ ስቀመጥ ሁሉ ከማዶ ይጠሩኛል።

እኔ ግን አሁንም አልረታም። ጥፍር ካየ ፈተናው የምላሽ ፍጥነትን አልለካም፤ አለቀ። ዘንድሮም ማስመሪያዬን ይዤ ማጣሪያ ወጣሁ። ልዩነቱ አውራ ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። አንድ ትንሽ ልጅ 21 ላይ ያዘና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ምን ነካዎት?»

«በረኛ» አልኩት።