ደጋን፣ ፍላጻና ቀንዲል በመለዋወጫ ሱቅ

አዳማ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሱቁ የአባቴ ነበር፤ አሁን የምሠራበት እኔ ነኝ። ከተማችን የጅቡቲ መንገድ ላይ ስለሆነች የጭነት መኪና አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ የምሰማቸው ቃላትም ያው ናቸው፦ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ጎማ።

እነዚህ ስሞች ከጣሊያን እንደመጡ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቃል። እኔን የያዘኝ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ነው። ጣሊያኖቹስ ዕቃውን ለምን እንዲህ ብለው ጠሩት?

የጀመርኩት ከፍሬቻ ነው። በጣሊያንኛ ፍላጻ ማለት ነው። መብራቱን አገላብጬ ባየው ፍላጻ የሚመስል ነገር የለውም። ምስጢሩ የተፈታልኝ የድሮ ቮልስ ፎቶ ሳይ ነው። ያኔ የመታጠፊያ ምልክቱ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አልነበረም። ከበሩ አጠገብ ካለች ቀዳዳ ብድግ ብላ የምትወጣ ትንሽ ክንድ ነበረች። ሾፌሩ ወደሚታጠፍበት ጎን እንደ ፍላጻ ትዘረጋለች። ክንዷ ከቀረች ስንት ዘመኗ! ስሟ ግን ይኸው ዛሬም በየአይሱዙው ላይ አለ።

ባሌስትራ ደግሞ ደጋን ነው። በድሮ ጦርነት ወታደሮች ፍላጻ የሚያስወነጭፉበት፣ እንጨት ላይ የተጋደመ ከባድ ደጋን። ሥሩ ግሪኮች «መወርወር» ለማለት ከሚጠቀሙበት ግስ ነው። ከመኪናው ሥር ተደራርበው የታሰሩትን፣ ጭነቱን የሚሸከሙትን ብረቶች ከጎን እዩአቸው፤ ጉብጠታቸው ደጋን ነው። ይህን ለአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነገርኩት። «ለዚህ ነዋ ልጄ፣ ጉድጓድ ባገኘሁ ቁጥር ጣሪያ የሚያስነካኝ!» ብሎ ሳቀ።

ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር እንዳይፋጭ መሃል የሚገባውን ዕቃ ትራስ ብሎ የሰየመ ሰው እጁ ይባረክ።

ከሁሉም የምወደው ግን ካንዴላን ነው። ከእኔ ዘንድ የሚወስዱት ባጃጆችና የቤንዚን መኪኖች ናቸው፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም። ቤንዚኑን የምታቀጣጥል፣ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ወገቧ ነጭ ሸክላ ነው። ጫፏ ላይ የታጠፈች ቀጭን ብረት አለች፤ በብረቷና በመሃሉ ዘንግ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት እሳት ይዘላል። ጎረቤቴ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ፈትተው ያወጧትን ካንዴላ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጫፏን ያያሉ። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን በዝቷል፤ በዘይት ከረጠበች ዘይቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ቡናማ ከሆነች ምንም ሳይሉ በሽቦ ብሩሽ ጠራርገው ይመልሷታል።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው። እዚህ ላይ ቢያበቃም ደስ ይለኝ ነበር። ግን የላቲኑን ሥር ስከተል ከማውቀው ቃል ጋር ተገናኘሁ፤ ከቀንዲል ጋር! ያው የላቲን ቃል ወደ ግሪክ ተሻገረ። ከግሪክ ወደ ሶርያና ወደ ዓረብ አገር ገባ፣ ከዚያም እኛ ዘንድ ደርሶ የመብራት ስም ሆነ። ብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ ወንድሙ ከጣሊያን መኪና ጋር መጣ። «እሳቸው እኮ የዕውቀት ቀንዲል ናቸው» ስንልና «ካንዴላ ቀይርልኝ» ስንል አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ እየጠራን ነው። ይህን ያወቅሁ ቀን ለመካኒኩ ለመንገር መንገዱን የተሻገርኩት በሩጫ ነው። «ታዲያ ሁለቱም የሚያበሩ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

አዳማ የባቡር ከተማ ናትና ስለ ባቡርም ልበል። ቃሉ ጣሊያኖች «ቫፖሬ» ከሚሉት ከእንፋሎት የመጣ ነው። አሁን በከተማችን የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ስሙ ግን እንፋሎት እንደሆነ ቀርቷል። ወፍጮ ቤቱንም ባቡር የሚሉ እናቶች አሉ። ሾፌር ደግሞ በፈረንሳይኛ «አሟቂ» ነው፤ የእንፋሎት ሞተር እሳት የሚያነድደው ሰው ስም ነበር። የከተማችንን ስም እንኳ ብትወስዱ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ አዳሚ ከሚባለው ቁልቋል ነው ይሉኛል። ናዝሬት የሚለውን ከገሊላ ያመጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ጎማን ሳልነግራችሁ አልሄድም። ጣሊያኖች ጎማ የሚሉት ሙጫንም ነው። እነሱ ከላቲን ወሰዱት፣ ላቲን ከግሪክ፣ ግሪክ ደግሞ ከጥንት ግብፅ። ግብፆች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግራር የሚወጣውን ሙጫ ነበር። ግራር ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች የደጃችን ዛፍ ነው። ከዓባይ ዳር ተነሥቶ አቴናንና ሮምን ዞሮ የመጣ ቃል አሁን አዳማ ላይ በካላማደሪ፣ ማለትም ጎማው ውስጥ በሚገባው የአየር ከረጢት ቁራጭ፣ ይለጠፋል።

ይህን ከሱቄ አጠገብ ላለው የጎሚስታ ልጅ አጫወትኩት። ጸጥ ብሎ ሰማኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ጎማ ልሞላ ስሄድ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «ጎማ ከግብፅ ነው የመጣው» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። ሥሩ ላይ ሌላ መስመር አስምሮ ባዶ ትቶታል። «የካላማደሪን ስትነግሪኝ እዚህ ላይ እጽፋለሁ» አለኝ።