ከሦስት ስክሪፕቶች አንዱን ለናሙና የመረጥኩበት መንገድ

ለቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊነት የማመለክትበትን የናሙና ስክሪፕት ለመምረጥ ዘጠኝ ወር ያህል ስደክም ከቆየሁ በኋላ በሰኔ መጨረሻ ውሳኔዬን አጽንቻለሁ። እንደ እኔው በጅምር ላይ ያላችሁ የሙያ ወዳጆቼ ተመሳሳይ ምርጫ ስለሚገጥማችሁ፣ የሠራሁትንና የተሳሳትኩትን እንደሚከተለው አካፍላለሁ።

በእጄ ሦስት ጽሑፎች ነበሩኝ። የመጀመሪያው በወቅቱ በመተላለፍ ላይ ለነበረ ተከታታይ ድራማ በራሴ ተነሳሽነት የጻፍኩት አንድ ክፍል ነው። በአሜሪካ ጀማሪ ጸሐፊዎች ለረጅም ዘመን ችሎታቸውን ያሳዩ የነበረው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አብዛኛው ቀጣሪ የጸሐፊውን የራሱን ፈጠራ፣ ማለትም የአዲስ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ማንበብን ይመርጣል። እኔ በቀድሞው ልማድ ጀመርኩና ሦስተኛውን ረቂቅ ሳልጨርስ ድራማው ተጠናቀቀ። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያትን ተውሼ ስለጻፍኩም ለሌላ አዘጋጅ ልሸጠው አልችልም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድን ሥራ የመለወጥና የማዛመድ መብትን ለሥራው ባለቤት ይሰጣልና። የአራት ወር ድካሜ የንግግር አጻጻፍን አስተምሮኛል፤ ለናሙናነት ግን አልበቃም።

ሁለተኛው ጽሑፌ አፄ ሱስንዮስ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል የለቀቁበትን ጊዜ የሚተርክ ነበር። በአንድ ወቅት የንጉሡ መቀመጫ የነበረችው ጎርጎራ ከእኛዋ ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ማዶ ያለች በመሆኗና ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው ከሦስቱ አብልጬ የተሳሳሁት ለእርሱ ነው። ሆኖም አንባቢ የካቶሊክ እምነት ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዴት እንደገባና ሕዝቡ ለምን እንደተነሣ ካልተረዳ ትዕይንቶቹ ስለማይገቡት፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ገጾች ማብራሪያ ሆኑ። ፈረሱ፣ አልባሳቱና የሠራዊቱ ብዛት የሚጠይቀውን ወጪም አንድ ፕሮዲዩሰር ከገጽ ሁለት ጀምሮ ማስላቱ አይቀርም። ናሙና የሚነበበው ለመቅረጽ ብቻ አይደለም የሚል ክርክር አለ፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ በዚህ ተጽናንቼ ነበር። ነገር ግን በእኛ ሀገር ስክሪፕትን የሚያነበው ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ራሱ ስለሆነ፣ ወጪውን ሳያስብ ያነብልኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት መስሎ ታየኝ።

ሦስተኛው በጣና ዳር፣ ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ የማገዶ እንጨት የሚራገፍበት ቦታ ላይ የሚካሄድ የግማሽ ሰዓት ድራማ ነው። እንጨት ተረክባ የምታከፋፍል አንዲት ሴት፣ የሞተር ጀልባ ለመግዛት የተበደረ ታናሽ ወንድሟና ከደንገል ታንኳው ሌላ ሀብት የሌለው አንድ ቀዛፊ ዋና ገጸ ባሕርያቱ ናቸው። ይህን ጽሑፍ ትንሽ ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ በመሳቢያ ትቼው ነበር።

ምርጫዬን የለወጠው አንድ ቀላል ሙከራ ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ባዶ ወረቀት ወስጄ የሁለተኛው፣ የአምስተኛውና የዐሥረኛው ክፍል ታሪክ ምን እንደሚሆን በአንድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሞከርኩ። የአፄ ሱስንዮስ ታሪክ ከዙፋን መልቀቁ በኋላ ቆመብኝ፤ ለካስ በእጄ የነበረው አንድ ፊልም እንጂ ተከታታይ ድራማ አልነበረም። የእንጨት ማራገፊያው ግን በየማለዳው አዲስ ታንኳ ስለሚደርስበት፣ ከታንኳው ጋርም አዲስ ዕዳ፣ አዲስ ጠብ ወይም አዲስ እንግዳ ስለሚመጣ፣ በአንድ ምሽት ዐሥራ አንድ ክፍሎች አወጣሁለት። ናሙና የሚያስመሰክረው አንድ ጥሩ ታሪክ ማወቃችንን ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ መጻፍ መቻላችንንም ስለሆነ፣ ከዚያ ምሽት በኋላ አላመነታሁም።

በማረም ሥራ ላይ የገጠመኝን አንድ ነገር በተለይ ልግለጽ። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው የተለመደ ስሌት የተቀመረው በኩሪየር ፊደል፣ በ12 ነጥብ መጠን ለሚጻፍ የእንግሊዝኛ ስክሪፕት ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ በአንድ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ንግግር ይበዛል። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር አምስት ሆነን፣ ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስደው በድንጋይ እየያዝን ጮክ ብለን ስናነበው፣ 31 ገጽ የነበረው ስክሪፕቴ 44 ደቂቃ ፈጀ። ስለዚህ ገጽ መቁጠርን ትቼ በሰዓት መለካት ጀመርኩ።

ለመቀነስ የተገደድኩበት ቦታ ስክሪፕቱን አሻሻለው ማለት እችላለሁ። በመክፈቻው ትዕይንት ሴትዮዋ የሥራዋን ታሪክ ለቀዛፊው በግማሽ ገጽ ትተርክለት ነበር፤ ቀዛፊው የሚያውቀውን ነገር። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ ከታንኳው ከወረደው ሸክም አንዱን ፈልጥ ታነሣለች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ትነካዋለች።

«እርጥብ ነው።»

«ሐይቁ አርጥቦት ነው፣ እታለም።»

«ሐይቅ ያረጠበው እንጨት ሙጫ አያወጣም።»

ዘጌ ቡናው የሚያድገው በጫካው ጥላ ሥር በመሆኑ ከነሕይወቱ የተቆረጠ ዛፍ በዚያ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሴትዮዋ ሙያዋን ምን ያህል እንደምታውቅ፣ ቀዛፊው እንደሚደብቅና በመካከላቸው አሮጌ መተማመን እንደነበረ ከሦስቱ መስመሮች ይታያል። ዛፉን ማን ቆረጠው የሚለው ጥያቄም ክፍሉን እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ባደረግነው ንባብ 29 ደቂቃ ሆኗል። ከስክሪፕቱ ጋር የሚላከውን የአንድ ገጽ ሲኖፕሲስ፣ ማለትም የታሪኩን ማጠቃለያ፣ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አዋጁ ሐሳብን ሳይሆን የተጻፈውን ሥራ ስለሚጠብቅም ቀን የተጻፈባቸውን ረቂቆች ሁሉ ለየብቻ አስቀምጫለሁ። የቀረኝ የወንድምየው ትዕይንት ነው፦ ስለ ብድሩ ለእኅቱ የሚነግራት በዚህ ክፍል ይሁን ወይስ በሁለተኛው፣ ገና አልወሰንኩም። በመጪው እሑድ ሁለቱንም አማራጮች ይዤ ወደ ዋርካው እመጣለሁ።