ኮንዶሚኒየም ገዝታችሁ ለማከራየት ካሰባችሁ ከቤቱ በፊት ውክልናውን እዩ

አያት አካባቢ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ለማከራየት ብዬ ገዝቻለሁ። ዛሬ ጥሩ ተከራይ አለው፣ ኮርቼበታለሁ። ግን መሃል ላይ ያየሁትን ፍዳ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤት መፈለጉ ቀላል ነው። ደላላ ያዞራችኋል፣ ታያላችሁ፣ ትከራከራላችሁ። ዕዳና እግድ ማጣራቱም እንደሚወራው አያደክምም።

መከራው የመጣው ከውክልና ነው። ሻጩ ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ ዱባይ ትሠራለች። በቤተሰብ ሕጋችን ደግሞ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ሁለቱም ካልተስማሙ አይሸጥም። «ችግር የለም፣ ውክልና ልካለች» አለኝ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ቆንስላ የሰጠው፣ ውጭ ጉዳይ ያረጋገጠው፣ ማኅተሙ የተሟላ። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ይዤው የሽያጭ ውል ወደሚፈረምበት ውልና ማስረጃ ቢሮ ሄጄ ባለሙያውን ጠየቅኩ። ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሠራል» አለኝ። ከፈልኩ።

ልንፈራረም ስንቀርብ ግን ሌላዋ ባለሙያ ቁጭ ብላ አነበበችው። «በዚህ ውክልና ቤት አይሸጥም» አለች። እውነቷን ነው። ወረቀቱ ንብረቴን ያስተዳድር፣ ያከራይ፣ ኪራይ ይቀበል ይላል፤ ይሽጥ የሚል የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ይህንን የመጀመሪያው ሰውዬ ሊያውቀው ይገባ ነበር፣ ሥራው ነው! አንድ ገጽ ማንበብ ተስኖት እኔን ለወራት አንከራተተኝ። እስከዛሬ ያናድደኛል።

የሻጩ ሚስት ከሥራዋ ፈቃድ አግኝታ ቆንስላ እስክትሄድ ጠበቅን። አዲሱ ውክልና ሲመጣ ደግሞ የአያቷ ስም ካርታው ላይ በሃሌታው ሀ፣ ውክልናው ላይ በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ተገኘ። ተመለስን። አንድ ሰው መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ይምጣ ተባለ፣ ደብዳቤውን የሚፈርመው ስብሰባ ላይ ነው፣ በማግስቱ ሲስተም የለም፣ እሱ ሲስተካከል ማህደሩ ጠፋ። በዚህ መሃል ሻጩ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ ገዢ መጣለትና «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ጀመረ። ያዳነኝ የቀብድ ውሉ በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት መሆኑ ነው። ቀብድ የተቀበለ ሰው ከውሉ ካፈነገጠ እጥፉን እንደሚመልስ ሕጉ ይላል፣ አንቀጽ 1885። አሳየሁት፣ ዝም አለ።

ስለዚህ የውክልናውን ፎቶ ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ጠይቁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የማስረጃ ዝርዝር አሟልቻለሁ ብላችሁ አትዝናኑ፤ የቢሮ ሰው በቃል «ይሠራል» ቢላችሁም ለጠበቃ ከፍላችሁ አስነብቡ። ደላላው «ስሙን በኋላ ታዞራለህ፣ ለጊዜው ውክልና ይበቃል» ካላችሁ ጥላችሁ ውጡ። ውክልና የሰጣችሁ ሻጭ ከሞተ ውክልናውም አብሮ ያበቃል፣ ከዚያ ክርክራችሁ ከወራሾች ጋር ነው። ግብር ለመቀነስ ብላችሁም ውሉ ላይ ዋጋ አታሳንሱ። ነገር ቢበላሽ የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው።

ማከራየቱ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ብዙ አከራይ በዚህ ያማርራል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው ቤቱን እንደ ራሱ ይይዛል፣ እኔም በየስድስት ወሩ ቀለም አልቀባም። ኪራዩ በባንክ ይግባ፣ ቁልፍ ስታስረክቡ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። አራተኛ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ሊፍት የለም፣ ውሃውም በፈረቃ ነው፤ ከሶፋና ከመጋረጃ በፊት ሮቶ አስገቡ። የኔ ተከራይ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ ስለ ውሃ ነው።