ዳሉ ዋና፣ ሮቲው ማባያ፦ በህንዶች ሥጋ አልባ ምግብ ክብደት የቀነስኩበት መንገድ

በህንድ ቤቶች የተለመደው ሥጋ አልባ ምግብ ክብደት ለመቀነስ ይመቻል፤ እኔም የቀነስኩት በእሱ ነው። ነገር ግን ሥጋ ስለሌለበት ብቻ ሰውነት አይቀልም። የሰሜን ህንድ የዘወትር ምሳ ብዙ ጊዜ አራት ሮቲ (ስስ የስንዴ ቂጣ)፣ በላዩ አንድ ሳህን ሩዝ፣ ቀጠን ያለ ዳል (የክክ ወጥ) እና በዘይት የተጠበሰ ድንችና አበባ ጎመን ነው። ሲደመር አብዛኛው ስንዴ፣ ሩዝና ዘይት ይሆናል፤ ጥጋብ የሚያቆየው ፕሮቲን ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የምግቡን ዓይነት አልነካሁም፤ የቀየርኩት ድርሻውን ነው። ዳሉ ዋና ምግብ፣ ሮቲው ማባያ ሆነ።

ህንዶች ምግብ የሚያቀርቡበት ካቶሪ የሚባል ትንሽ ጎድጓዳ የብረት ሳህን አለ፤ 150 ሚሊ ሊትር ያህል የሚይዘው ለመለኪያ ጥሩ ነው። ለምሳ የማቀርበው ሁለት ካቶሪ ወፈር ያለ ዳል፣ ሁለት ካቶሪ አትክልት (ባሚያ፣ ጎመን፣ ስፒናች፣ ፎሶሊያ)፣ አንድ ካቶሪ እርጎ፣ ከቲማቲም፣ ከኪያርና ከሽንኩርት ተከትፎ ሎሚ የተጨመቀበት ካቹምበር፣ ከዚያ ወይ ሁለት ሮቲ ወይ አንድ ካቶሪ ሩዝ ነው። ሮቲና ሩዝ አንድ ላይ አይቀርቡም። ድንች የሚቆጠረው ከአትክልት ሳይሆን ከእህል ጋር ነው፤ ድንች ባለበት ቀን አንዱ ሮቲ ይቀራል።

ክክ ሁልጊዜ ሳይበስል ይመዘናል። 60 ግራም ደረቅ የምስር ክክ 200 ካሎሪ ገደማና 14 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሲበስል ግን እንደ ውሃው መጠን ሁለት ካቶሪም አራት ካቶሪም ሊሆን ስለሚችል፣ የበሰለውን በዓይን መገመት አያስተማምንም። ለአንድ ሲኒ ክክ ሦስት ሲኒ ተኩል ውሃ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሾርባ ይሆናል፤ ሾርባ ደግሞ በሮቲ አይያዝምና የግድ ሩዝ ያስጨምራል።

ካሎሪው የሚደበቀው ታድካ ላይ ነው። ታድካ ማለት ዳሉ ከበሰለ በኋላ በላዩ የሚደፋው በቅመም የጋለ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከአንድ ሮቲ ይበልጣል። ከጠርሙስ በቀጥታ ሲንቆረቆር ሦስትና አራት ማንኪያ ሳይታወቅ ይገባል። ለአራት ሰው ዳል ሦስት የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከበቂ በላይ ነው፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። በሰፊ መጥበሻ ላይ ይህን ያህል ቅቤ ስስ ሆኖ ስለሚዘረጋ ከሙኑ ሳይጠልቅ ያርና ይመራል። ህንዶች ለዚህ እጀታው የረዘመ ትንሽ ድስት አላቸው፤ ከሌለ ጎድጎድ ያለ የብረት ጭልፋ ይሠራል። ጭልፋውን ዘንበል አድርጌ ቅቤው አንድ ጥግ ላይ ሲጠራቀም አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን እጨምራለሁ። ተንጣጥቶ ቡናማ ሲሆን፣ ይህም ሰከንዶች ነው የሚፈጀው፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ይገባል። የሽንኩርቱ ጠርዝ ወርቃማ ሲሆን እሳቱን አጠፋለሁ፤ የተፈጨ በርበሬ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሳት ላይ እያለ ከገባ ይጠቁራል። ወዲያው ዳሉ ላይ ተገልብጦ ለሁለት ደቂቃ ይከደናል። የእኛ ቁሌት ከሥር ስለሚጀመር ዘይቱ በወጡ ይዋጣል፤ ታድካ ግን በላይ ስለሚያርፍ ትንሿ ቅቤ ቤቱን ታውዳለች። የሽሮና የምስር ወጥ ዘይት መቀነስ ያቃተው ሰው ይህን ይሞክረው።

ሮቲ ከ30 ግራም ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ሲሠራ 100 ካሎሪ ገደማ ነው። ለ100 ግራም ዱቄት ከ60 እስከ 65 ሚሊ ሊትር ውሃ ገብቶ ሊጡ ለግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ያርፋል፤ ከዚያ ተዳምጦ በደንብ በጋለ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ሊጡ ከጠጠረ ወይም ምጣዱ ካልጋለ ሮቲው ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ያኔ ለማለስለስ ቅቤ መቀባት ይመጣል። ለስላሳ ሆኖ ወጥቶ በጨርቅ ከተጠቀለለ ቅቤ አያስፈልገውም። በደቡብ ህንዷ የካርናታካ ግዛት ራጊ ከሚሉት እህል ሙዴ የሚባል ድቡልቡል ይሠራል፤ ራጊ የእኛው ዳጉሳ ነው፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ወደ ህንድ የተሻገረ።

ለቁርስ የሽምብራ ዱቄት ቂጣ፣ ቺላ፣ እመርጣለሁ። 60 ግራም ዱቄት፣ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ የተከተፈ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ቆንጠር ያለ ነጭ አዝሙድ፣ እርድና ጨው ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ይቆያል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። እሳቱ ከበዛ ውጩ ያርና ውስጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ጠርዙ ራሱን ችሎ እስኪነሳ መጠበቅ ነው።

የቀኑ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ቁጥር በግምት ነው። ከቺላው 13 ግራም፣ ከዳሉ 14፣ ከአራት ሮቲ 14፣ ከ300 ግራም እርጎ 10፣ ከ80 ግራም ፓኒር (የህንዶች አይብ) 15፣ ከ30 ግራም የሽምብራ ቆሎ 6፣ ከአንድ ብርጭቆ ወተት 6 ግራም ፕሮቲን፤ ድምሩ 80 ይጠጋል። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በኪሎ ከአንድ ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ ጡንቻ ሳይሆን ስብ እንዲቀንስ የሚያግዘው ይህ ነው። ከአትክልቱና ከአራት የሻይ ማንኪያ ዘይት ጋር 1,800 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። አጭርና ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል፤ ሲቀንስ ከሮቲው እንጂ ከዳሉ አይቀንስ።

ፓኒርን በአይብ መተካት ይቻላል፤ እንዲያውም እመክራለሁ። ፓኒር የሚሠራው ቅቤው ካልወጣለት ወተት ስለሆነ 100 ግራሙ 300 ካሎሪ ገደማ ነው። አይብ ግን ከተናጠ አሬራ ስለሚወጣ ስቡ በጣም ያነሰ ነው። ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከእርድ ጋር ተፈርፍሮ ሲጠበስ በዚሁ መንገድ ከሚሠራው ፓኒር ቡርጂ አይተናነስም።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ሰዓት ከምሳና ከእራት መካከል ያለው ነው፤ ሳሞሳ (ሳምቡሳ)፣ ፓኮራ (በሽምብራ ሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ አትክልት)፣ ቡጂያ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ደቃቅ መክሰስ እና በስኳር የተሞላ የወተት ሻይ። ያን ሰዓት በሽምብራ ቆሎና በቀዘቀዘ አሬራ ማለፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምስርና በቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ብረት በሰውነት እንዳይወሰድ ያውካል፤ አንድ ሰዓት መራቅ ይሻላል፤ ዳሉ ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ያግዛል። ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው ሎሚ በማር ግን ስብ አያቀልጥም፤ ማሩ ራሱ ስኳር ነው።

የህንዶች ጾም ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሂንዱዎች በሚጾሙት በኤካዳሺ ቀን እህልና ጥራጥሬ ስለሚተው ገበታው ላይ የሚቀሩት ሳቡዳና፣ ድንች፣ ኦቾሎኒና ቅቤ ናቸው። ሳቡዳና ከካሳቫ የተሠራ ፕሮቲን አልባ ስታርች ነው፤ ከኦቾሎኒና ከቅቤ ጋር ሲጠበስ የጾሙ ቀን ከፍስኩ ቀን ካሎሪ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ቀን እርጎ፣ ፓኒርና ፍራፍሬ ዋና ይሁኑ።

ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው ይደፋል፤ ከዚያ ቢያንስ አሥር ደቂቃ በሚንተከተክ ውሃ ይፈላል። ጥሬው መርዛማ ነገር ስላለው በዝግታ በሚያበስል ማሽን ብቻ መቀቀል ሆድን ክፉኛ ያውካል። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ በማሾ ክክ ይጀምር፤ መጠኑም በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይጨመር።

ሚዛን ላይ የምወጣው ጠዋት ሳልበላ ነው፤ የማነጻጽረውም የሳምንቱን አማካይ ነው። ጨው የበዛበት አቻር (በጨውና በቅመም የቆየ አትክልት) እና ፓፓድ (ስስ የክክ ዱቄት ቂጣ) ውሃ ስለሚያስይዝ ማግስቱን ኪሎ የጨመረ ያስመስላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሩዝና ሮቲውን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ መድኃኒቱ ባለበት ሆኖ ምግቡ ብቻ ካነሰ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ሥጋና እንቁላል ለረጅም ጊዜ የተወ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ያስመርምር፤ ከዳልና ከአትክልት አይገኝም፤ ከወተትና ከእርጎ የሚገኘውም ሁልጊዜ አይበቃም።