ነጭና ወርቃማ ተዳቅለው፣ ልጆቹ ጠቆር አሉ

ሰላም ጓዶች፣ የዘር ውርስ ትምህርቱ የት ደረሰ ላላችሁኝ ይኸው። እንስሳው እጄ ላይ ባይኖርም አክሶሎትል በቆርኪ እያዳቀልኩ ነው። ቆርኪውን ፒያሳ ካለ ግሮሰሪ ለቀምኩ። ግማሹን የጥፍር ቀለም ቀባሁት፤ የተቀባው ድብቁ ጂን ነው፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲመጣ የማይታየው።

አክሶሎትል የሜክሲኮ ሳላማንደር ነው፣ የእንቁራሪት የሩቅ ዘመድ። አድጎም ከውሃ አይወጣም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ ውሃ ስለሚመቸው ለደሴ ብርድ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ኮምቦልቻዎች፣ እናንተ ማቀዝቀዣ ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም!

የዱሩ ጠቆር ያለ ነው። ነጭ ስታዩ ግን አልቢኖ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ዓይኑን እዩት። ዓይኑ ጥቁር ከሆነ ሉሲስቲክ ነው። የቀለም ህዋሳቱ ፅንስ ሳለ ከጀርባው ተነስተው ወደ ጎንና ወደ ሆድ መሄድ ነበረባቸው፤ አልሄዱም። የዓይኑ ጥቁረት መነሻው ሌላ ስለሆነ አይነካም። የአልቢኖው ህዋሳት ደግሞ ቦታቸው ደርሰዋል፣ ሜላኒን የሚባለውን ጥቁር ቀለም መሥራት ነው ያቃታቸው። ቢጫው ስለማይጠፋ ወርቃማ ይሆናል፣ ዓይኑም ይቀላል። ነጩ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ከሜክሲኮ ፓሪስ ከገቡት ጋር የመጣ ነው። የአልቢኖው ጂን ግን የውጭ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1962 ሃምፍሪ የተባለ ተመራማሪ ታይገር ሳላማንደር ከሚባል ሌላ ዝርያ አልቢኖ ጋር አዳቅሎ አስገባው።

የነጩም የአልቢኖውም ጂን፣ እያንዳንዱ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። ስለዚህ ንጹህ ነጭና ንጹህ ወርቃማ ቢዳቀሉ ልጆቹ በሙሉ ጠቆር ያሉ ናቸው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። እኔ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር!

ቆርኪው የሚጣፍጠው እነዚህን ልጆች እርስ በርስ ስታዳቅሉ ነው። ለእናት ሁለት፣ ለአባት ሁለት ጣሳ (አንዱ ለነጩ ጂን፣ ሌላው ለአልቢኖው)፤ በየጣሳው የተቀባና ያልተቀባ እኩል። ዓይን ጨፍኖ ከየጣሳው አንድ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ መመለስ። ለአንዱ ጂን ከእናትም ከአባትም የተቀባ ከወጣ ያ ቀለም ታየ ማለት ነው። ከ16 በአማካይ 9 ጠቆር ያሉ፣ 3 ነጭ ባለጥቁር ዓይን፣ 3 ወርቃማ፣ አንዷ ነጭ ሆና ዓይኗም ቀይ። ጥቂት ጊዜ ብቻ ካወጣችሁ ይቺ አንዷ ጭራሽ ላትመጣ ትችላለች። የፕላስቲክ ክዳን ግን አትቀላቅሉ፤ ጣት በዳሰሳ ይለያል፣ ዕጣው ዕጣ መሆኑ ይቀራል።

ጠቆር ያለው ነጩን ጂን መያዙ እንዴት ይታወቃል ላልከኝ ወንድሜ፦ በዓይን አይለይም። ከነጭ ጋር አዳቅለው። ከያዘ ግማሽ ያህሉ ልጆች ነጭ ይወጣሉ። እናቲቱ በአንዴ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል መልሱ ቶሎ ይለያል።